እኔን!

መሥሪያ ቤታችን መጀመሪያ የገቡት ሁለት ኮምፒውተሮች ከሠራተኛው ይበልጥ ይከበሩ ነበር። ክፍላቸው ምንጣፍ ተነጥፎለታል፣ መስኮቱ ወፍራም መጋረጃ አለው፣ የሚገባ ሰው ጫማውን በር ላይ ያወልቃል። ማታ ሲሆን እንደ መሶብ ጨርቅ ይለብሳሉ። ጊዜው 1986 ዓ.ም. ነው። እኔ በኦሊቬቲ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና አሥራ አንድ ዓመት ደብዳቤ ስመታ የኖርኩ ጸሐፊ ነበርኩ። ሦስት ሳምንት ዶስና ወርድፐርፌክት ተምሬ፣ የተቀደደውን ካልሲዬን በሌላው እግሬ እየሸፈንኩ እዚያ ክፍል ገባሁ። ፕሪንስን፣ ያንን የፋርስ ልዑል የኮምፒውተር ጨዋታ፣ ያወቅሁትም እዚያው ነው።

ጨዋታውን አንድ የጥገና ሠራተኛ በዲስኬት አምጥቶ ጭኖልን ነበር። ስሙን ጽፈን ኢንተር ስንመታ፣ ሱልጣኑ ጦር ሜዳ መሄዱን፣ ዋዚሩ ጃፋር ልዕልቲቱን «ወይ ታገቢኛለሽ ወይ ትሞቻለሽ» ማለቱን፣ ለመልሷም አንድ ሰዓት እንደሰጣት የሚናገር ጽሑፍ ይመጣል። የአሸዋው ሰዓት ተገልብጦ መፍሰስ ይጀምራል። ከዚያ ነጭ የለበሰ ልጅ በባዶ እግሩ ወህኒ ቤት ይወረወርና በሩ ከኋላው ይዘጋል። አሥራ ሁለት ደረጃ ነው፤ የተሰጠው ጊዜ ስልሳ ደቂቃ ነው። ልጁ ቢሞት ደረጃውን እንደገና ይጀምራል፤ ያለቀው ደቂቃ ግን አይመለስም።

ከዚያ በፊት ጌም የሚባል ነገር ያየሁት ከአንድ ሻይ ቤት ጥግ ነበር፤ ነጥብ ነጥብን ታሳድዳለች፣ ትበላታለች፣ አለቀ። ይኼ ልጅ ግን ክብደት ነበረው። ሮጦ ሲቆም እግሩ ይንሸራተታል። ለመዝለል ይንደረደራል። ገደል ጫፍ ላይ በጣቶቹ ተንጠልጥሎ ራሱን ወደ ላይ ሲስብ ሰውነቱ እንደሚከብደው ያስታውቃል። ከአንድ ፎቅ ቢወድቅ ተነሥቶ ይሄዳል፤ ከሁለት ቢወድቅ ይጎዳል፤ ከሦስት ቢወድቅ አይነሣም። ከወለሉ የሚወጣው ጦር ላይ ሲያርፍማ፣ ሳላስበው «እኔን!» የሚለው ቃል ከአፌ ያመልጠኛል። የሒሳብ ክፍሉ ሰው ከአጠገብ ሆኖ ይስቅብኛል፤ «ለሥዕል?» ይለኛል። እኔም አፍራለሁ። ደግሞ ሲወድቅ ደግሜ «እኔን!» እላለሁ።

ታናሽ ወንድሜ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። ከትምህርት ቤት ሲወጣ እኔ ጋ እየመጣ፣ ኃላፊው እስኪወጡ ኮሪደር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ጫማውን አውልቆ ይገባል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሁላችንም በለጠ።

ከመጀመሪያው ደረጃ ቀጥሎ ብልቃጦች የተደረደሩበት ክፍል አለ። በየብልቃጡ አጠገብ አንድ አንድ የላቲን ፊደል ተጽፏል። ከሥር ደግሞ የገጽ፣ የመስመርና የቃል ቁጥር ይሰጣል። ለካ ጨዋታው ሲሸጥ ትንሽ መጽሐፍ አብሮት አለ፤ በተባለው ገጽ፣ በተባለው መስመር ላይ ያለውን ቃል ፈልጎ የመጀመሪያ ፊደሉን መጠጣት ነው። ገዝቶ የወሰደውን ካባዛው የሚለይ ቁልፍ መሆኑ ነው። እኛ ጋ ዲስኬቱ እንጂ መጽሐፉ አልመጣም። ወንድሜ ባለመስመር ደብተር ይዞ መጣና ያዋጣውንና ያላዋጣውን እየለየ መመዝገብ ጀመረ። ገጽ ይኼ፣ መስመር ይኼ፣ ቃል ይኼ፣ ፊደሉ ይኼ። የክፍለ ሀገር ቅርንጫፍ ሠራተኞች ለስብሰባ ሲመጡ ያንን ደብተር ፎቶ ኮፒ አድርገው ይወስዱ ነበር። የመንግሥት ወረቀት ነው የባከነው፤ ኮፒ ያደረግሁላቸውም እኔ ነኝ።

ለምን «እኔን!» እንዳልኩ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ጡረታ ልወጣ ስል፣ ጨዋታውን የሠራው ሰው ስለ ሥራው የጻፈውን ሳነብ ነው። ጆርዳን ሜክነር ይባላል። ዬል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ካራቴካ የተባለ ጨዋታ ሠርቶ ብሮደርበንድ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ በ1984 (እ.ኤ.አ.፤ የውጭውን ሁሉ በነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አሳተመለት። ልጁ ግን ሐሳቡ ሲኒማ ላይ ነበር። የፊልም ጸሐፊ መሆን ነው የሚፈልገው። ሥዕል ደግሞ እምብዛም አይሆንለትም። ስለዚህ በጥቅምት 1985 የቪዲዮ ካሜራ ይዞ ገና ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የነበረውን ወንድሙን ዴቪድን ነጭ ልብስ አለበሰውና ኒውዮርክ አካባቢ፣ የሪደርስ ዳይጀስት መጽሔት መኪና ማቆሚያ ወሰደው። «ሩጥ» አለው፤ ሮጠ። «ዝለል» አለው፤ ዘለለ። ግንብ ላይ ተንጠለጠለ፣ ወጣ፣ ወረደ።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የኔ ሙያ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሜክነር ቪዲዮውን በቴሌቪዥን ከፍቶ፣ እያቆመ፣ እያንዳንዱን ቅጽበት ከስክሪኑ ላይ በፎቶ ካሜራ አነሣው። ፊልሙን ፎቶ ቤት ወስዶ አሳጠበ። ከዚያ በፎቶዎቹ ላይ ከወንድሙ በስተኋላ ያለውን በጥቁር ማርከር እያጠቆረ፣ የወንድሙን ገላ ደግሞ በነጭ ፍሉድ እየቀባ፣ ጥቁርና ነጭ ብቻ እስኪቀር ድረስ ለፋበት። በፎቶ ኮፒ አባዛው። የተባዛውን በቪዲዮ ካሜራ አድርጎ አፕል ቱ ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባ። እዚያም እንደገና ነጥብ በነጥብ አረመው። እኛ «ክቡር» የሚለው ቃል ሲሳሳትብን የምንቀባውን ፍሉድ፣ እሱ ወንድሙን ከግድግዳው ለመለየት ተጠቀመበት። ይኼን ሳነብ እጄ ላይ የዚያ የፍሉድ ሽታ የመጣ መሰለኝ።

ዘዴው የሱ ፈጠራ አልነበረም። ማክስ ፍላይሸር የተባለ አሜሪካዊ የካርቱን ሠሪ በ1915 የፈጠራ መብት የጠየቀበት፣ ሮቶስኮፕ የሚባል አሠራር ነው፤ ሰውን በፊልም ቀርጾ በላዩ ላይ መሣል። ፍላይሸርም የቀልደኛ ልብስ አልብሶ የቀረጸው ታናሽ ወንድሙን ነው። የዚያም ወንድም ስም ዴቭ ነበር። ታላቆች ታናሾቻቸውን ማዘዝ የትም አገር አንድ ነው።

ፕሪንስ ከሥሩ ሲኒማ መሆኑ በሩጫው ብቻ አይደለም። ሰይፍ ሲማዘዝ የምናየው በ1938 የተሠራው የሮቢን ሁድ ፊልም ነው፤ ኤረል ፍሊንና ባዚል ራትቦን ሲፋለሙ ካሜራው በጎን በኩል የያዛቸው ጥቂት ሰከንዶች አሉ፣ ሜክነር እነሱን ወስዶ ነው እንቅስቃሴውን ያወጣው። ወጥመዱና ዝላዩ የመጣለት ከመጀመሪያው የኢንዲያና ጆንስ ፊልም የመክፈቻ ደቂቃዎች ነው፤ ያ ጀግና እየሮጠ ገደል የሚዘልበት። ቤተ መንግሥቱና ዋዚሩ ከአንድ ሺህ አንድ ሌሊት ተረቶችና ከ1940ው የባግዳድ ሌባ ፊልም የተቀዱ ናቸው። ሙዚቃውን የደረሰው ደግሞ አባቱ ነው። ፍራንሲስ ሜክነር ይባላል፤ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው፤ በልጅነቱ ናዚዎች ቪየናን ሲይዙ በፈረንሳይ አልፎ አሜሪካ የገባ ስደተኛ። እንግዲህ አስቡት፤ አባት ዜማውን፣ ታናሽ ወንድም ገላውን፣ ታላቅ ወንድም አራት ዓመት ዓይኑን ሰጥተውበት የወጣ ነገር ነው። እኔ በምሳ ሰዓት ቂጣዬን እየበላሁ እጫወትበት የነበረው የአንድ ቤተሰብ ጉልበት ነው።

ስለ ጥላው ሳልናገር አላልፍም። አራተኛው ደረጃ ላይ መንገዱን የሚዘጋ መስታወት ይመጣል። ልጁ ተንደርድሮ ሰብሮት ሲያልፍ፣ በወዲያኛው በኩል ደግሞ ጥላው ይወጣና ወደ ኋላ ሮጦ ይጠፋል። ከዚያ ወዲያ ያ ጥላ ጠላት ነው። ልትጠጣው የሄድክበትን ብልቃጥ ቀድሞህ ይጠጣዋል፤ ልትሻገር ስትል በሩን ይዘጋብሃል። ይኼ ሁሉ የመጣው ከድህነት ነው። አፕል ቱ የነበረው የማስታወሻ ቦታ እጅግ ጠባብ ነው፤ የዴቪድ ሩጫና ዝላይ ብቻውን ቦታውን ስለጨረሰው ሌላ ተዋጊ የሚገባበት አልቀረም። አንዲት የሙያ ጓደኛው ያለ ፍልሚያ ጨዋታው አይጥምም ብላ ወተወተችው። እሱም ያንኑ የወንድሙን ምስል ትንሽ ገፋ አድርጎ በራሱ ላይ ደረበው፤ ነጩ ከነጩ ሲጋጠም ጠፍቶ ዳር ዳሩ ብቻ ቀረ፤ ጥላ ሆነ። የጽሕፈት መኪና የመታ ሰው ያውቀዋል፤ ፊደሉን መትተህ፣ ሮለሩ በጥቂቱ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ደግመህ ብትመታው የሚወጣው መንታ ፊደል ማለት ነው። ሌሎቹ ዘቦች የገቡት ኋላ፣ ቦታ እየተቆጠበ ነው።

ወንድሜ አሥራ ሁለተኛው ደረጃ ደርሶ ከጥላው ጋር ሰይፍ የተማዘዘ ቀን አልረሳውም። መሽቷል፤ ዘበኛችን ሊቆልፉ መጥተው ከኋላችን ቆመዋል። የቀድሞ ወታደር ናቸው፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። ወንድሜ ጥላውን በወጋው ቁጥር የሚደማው ራሱ ነው፤ ጥላው ሲሞት እሱም ይሞታል። አራት ጊዜ ሞከረ፣ አራት ጊዜ ሞተ። ደቂቃው ሊያልቅ ነው። ጋሼ ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና «ምን ከጥላህ ያጋድልሃል? ሰይፍህን ወደ አፎቱ መልሰው» አሉት። ወንድሜ ተበሳጭቶ የታች ቀስቷን ተጫነ። ሰይፉ ገባ። ጥላውም ሰይፉን ከተተ። ሁለቱ ተጠጉ፣ ተጋጠሙ፣ አንድ ሆኑ። ጋሼ ቁልፋቸውን አቃጭለው «በሉ ውጡ» ብቻ ነው ያሉት።

ጨዋታው በ1989 ሲወጣ አፕል ቱ ራሱ ገበያው እየሞተ ስለነበር ብዙም አልተሸጠም። የዳነው ወደ ሌሎች ማሽኖች ከተገለበጠ በኋላ፣ በጃፓንና በአውሮፓ ነው። የእኛም የዚያ ተራፊ ነበር።

አሁን ወደ ፊልሙ ልምጣ። ሆሊውድ ጌምን ወደ ሲኒማ የማምጣት ልማድ የጀመረው በ1993 በሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ሲሆን ያ ፊልም ከስሯል። በ2001 አንጀሊና ጆሊ ላራ ክሮፍትን ሆና ስትሠራ ገንዘቡ መጣ፤ ሃያሲው ግን አልወደደውም። ሜክነር በ2003 ዩቢሶፍት ሞንትሪያል ውስጥ ለሠራው አዲስ ፕሪንስ ታሪኩን ጻፈለት፤ የጊዜ አሸዋ ይባላል። በዚህኛው ልጁ አንድ ጩቤ አለው፤ ቁልፉን ሲጫነው ጊዜ ወደ ኋላ ይጠቀለላል። ከገደል ብትወድቅ ያንን ትጫናለህ፣ ወደነበርክበት ትመለሳለህ። ሜክነር ከጨዋታው ምስል ቆርጦ የፊልም ማስታወቂያ የመሰለ ነገር ሠራና ለጄሪ ብሩክሃይመር አሳየ። ዲዝኒ ገንዘቡን አወጣ፤ 200 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። ዳይሬክተሩ ማይክ ኒውዌል ነበር። በ2008 በጋ ሞሮኮ ሄደው በዚያ ሐሩር ቀረጹ፤ የቀረውን ለንደን አጠገብ ፓይንውድ ስቱዲዮ ውስጥ ጨረሱ። በግንቦት 2010 ወጣ። በዓለም ዙሪያ 336 ሚሊዮን ዶላር ያህል አስገባ፤ እስከ 2016 ድረስ ከጌም ከተሠሩ ፊልሞች ሁሉ በገቢ የበለጠው እሱ ነበር። ሁለተኛ ክፍል ግን አልተሠራለትም፤ ከወጪው አንጻር ያሰቡትን ያህል አላገኙም።

እኔ ያየሁት ከሲዲ ቤት በተገዛ የተገለበጠ ዲስክ ነው። (መጽሐፉ ሳይመጣ ዲስኬቱ የመጣበት ባህል አልተለወጠም።) ወንድሜ ያኔ ዲቪ ደርሶት ከሄደ ሰባት ዓመቱ ነው፤ «እታለም፣ ፕሪንስ ፊልም ሆነልሽ!» ብሎ የደወለልኝ እሱ ነው። በቆሎ ጠብሼ ተቀመጥኩ።

ክፉ ፊልም ነው አልልም። ጄክ ጂለንሃል ጣሪያ ለጣሪያ ሲሮጥ ያምራል፤ ፓርኩር የሚባለውን የሩጫና የዝላይ ስፖርት የጀመረው ፈረንሳዊው ዴቪድ ቤል በዝላዩ ላይ አማክሯል። (ይኼም ዴቪድ!) ቤን ኪንግስሊ ክፉው አጎት ነው። አልፍሬድ ሞሊና ሰጎን እያሯሯጠ ግብር የሚሸሽ ሼክ ሆኖ ያስቃል፤ እሱ ባለበት ሁሉ ሳቅሁ። ከተማዋን አላሙት ብለዋታል፤ እውነተኛው አላሙት ኢራን ውስጥ ተራራ ላይ ያለ፣ ሐሰን ሳባህ በ1090 የያዘው የኢስማኢሊዎች ምሽግ ነው፤ ከፊልሙ ባለ ወርቅ ከተማ ጋር የሚገናኘው በስም ብቻ ነው። የፋርስን ልዑል ታሪክ ሲሠሩ ከዋናዎቹ ተዋንያን አንድም ኢራናዊ አለመኖሩ በጊዜው ወቀሳ አምጥቶባቸዋል። ተገቢ ነው። የእኛን ቴዎድሮስ አንድ ቀን እንዲሁ እንዳይሠሩት እፈራለሁ።

የእኔ ቅሬታ ግን ሌላ ነው። ፊልሙን ሙሉ ስመለከት አንድ ጊዜ እንኳ «እኔን!» አላልኩም። ያ ሁሉ ጣሪያ፣ ያ ሁሉ ዝላይ! የሚወድቅ መስሎ አይታየኝም። ቢወድቅስ? ጩቤው አለ። በመጨረሻው ታሪኩ ሁሉ ወደ ኋላ ይጠቀለላል፤ የተመረዘ ካባ ለብሶ የሞተው ንጉሥ በሕይወት አለ፤ የሞቱት ወንድሞች በሕይወት አሉ፤ ልዕልቲቱ ከገደል አልወደቀችም፤ ጦርነቱም ገና በጊዜ ቆመ። ከልዑሉ ከዳስታን በስተቀር ያየነውን የሚያስታውስ የለም። እኔ ደግሞ በዚያ ዓመት እናቴን ቀብሬ ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ አብሬያቸው ተጉዤ «አልሆነም ነበር» ሲሉኝ ተናደድኩ። የመጀመሪያው ፕሪንስ ጨካኝ ነው፤ ሰዓቱ አይመለስም፤ ግን አላታለለኝም። ሜክነርን በዚህ ልወቅሰው አልችልም፤ በ2003ቱ ጨዋታ ላይ ጩቤው የተጫዋቹን ድካም የሚያቃልል ብልህ ነገር ነው፣ ቁጥር አለው፣ አሸዋው ሲያልቅ ትወድቃለህ። ፊልም ውስጥ ሲገባ ግን ጣትህ ቁልፉ ላይ የለም፤ ሌላ ሰው ስለ አንተ ይጫነዋል። ጥላውም ፊልሙ ውስጥ የለም። ያንን ለመተው 200 ሚሊዮን ዶላር አወጡ ስል ወንድሜ በስልክ ሳቀብኝ።

ፊልሙ ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ አባትየው ፍራንሲስ ቤቱ ውስጥ አንድ ካርቶን አገኘ። ውስጡ ዲስኬቶች ነበሩ። ሜክነር ለዓመታት ሲፈልገው የኖረው፣ ጠፋ ብሎ ተስፋ የቆረጠበት፣ የመጀመሪያው ፕሪንስ የተሠራበት ዋናው የፕሮግራም ጽሑፍ ነው። የድሮ ማሽን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች አሮጌ አፕል ይዘው ሜክነር ቤት መጡና ዲስኬቶቹን አንድ በአንድ አነበቧቸው፤ ማግኔቱ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶም አልከዳም። ሜክነር ለማንም እንዲነበብ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። የዴቪድን ቪዲዮም ለቋል። አየሁት። የመኪና ማቆሚያ፣ ነጭ ልብስ፣ ቀጭን ልጅ። ከወዲያ ይሮጥና ይዘላል፣ ይመለስና ይደግማል። አሯሯጡን ወዲያው ነው የለየሁት፤ ሲቆም እግሩ የሚንሸራተተው እንኳ እሱው ነው። ሃያ ዓመት ያህል የማውቀውን ሰው ፊቱን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ ማለት ነው።

የእኛም ዲስኬት አለ፤ ትልቁ፣ ልስልሱ፣ በቀላሉ የሚታጠፈው ዓይነት። ክርና ቁልፍ በማስቀምጥበት የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። የሚያነበው ማሽን አዲስ አበባ ውስጥ የት እንዳለ እግዜር ይወቅ። ደብተሩም ከሥሩ አለ፤ ሽፋኑ ላይ የወንድሜ ስምና «ሰባተኛ ሀ» የሚል ጽሑፍ አለው።

ባለፈው እሑድ ከቨርጂኒያ ደወለ። ልጁ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ አባትየው ያንን አሮጌ ፕሪንስ ከኢንተርኔት አውጥቶለት አብረው ተቀምጠዋል። «እታለም፣ ብልቃጦቹ ጋ ደርሶ ተቀርቅሯል። ያ ደብተር አለሽ?» አለኝ። መነጽሬን አድርጌ ቆርቆሮውን ከፈትኩ። ገጹን ነገረኝ፣ መስመሩን ነገረኝ፣ ቃሉን ነገረኝ። በጣቴ እየተከተልኩ ወረድኩና ፊደሏን ነገርኩት። በስልኩ ውስጥ ኪቦርዱ ሲንኳኳ፣ በሩ ሲከፈት፣ ልጁ በእንግሊዝኛ ሲጮህ ይሰማኛል። ቀጥሎ ዝም አሉ።

«ምን ሆነ?» አልኩት።

«ቆይ እታለም፤ ወደቀ።»

«እኔን!» አልኩ።